ለመኖርም ለመሸጥም የሚሠራ ቤት፦ ትርፉ መሠረቱ ሳይቆፈር ይወሰናል

ቤት ሊገዛ የመጣን ሰው እስቲ ዝም ብላችሁ ተከታተሉት። ሳሎን ገብቶ ስለ ሴራሚኩና ስለ መብራቱ አንድ ሁለት ጥሩ ቃል ይናገራል። ዓይኑ ግን ሌላ ቦታ ነው። ቀና ብሎ የኮርኒሱን ጥግ ያያል። እርጥበት የተወው ቢጫ ምልክት ካገኘ እዚያው ይቆማል። መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቧንቧ ይከፍታል፣ የውሃውን ግፊት ያያል፣ ሽታ አለ የለም ብሎ አየር ይስባል። የመኝታ ቤቱን በር ይዘጋና መልሶ ይከፍታል። በሩ ወለሉን ከፋቀ «ቤቱ ሰጥሞ ይሆን?» የሚል ጥርጣሬ ይገባዋል። ደረጃ ሲወጣ አንዱ እርከን ከሌላው በ2 ሴንቲሜትር ቢበልጥ፣ ዓይኑ ባያየውም እግሩ ያውቀዋል። አብራው የመጣችው ሚስቱ ደግሞ ኩሽናው መሃል ቆማ ከምድጃው እስከ ውሃው ስንት እርምጃ እንደሆነ በልቧ ትለካለች።

ይህ ሁሉ 20 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ባለቤቱ ዓመታት የለፋበት ቤት ዋጋ ግን በአብዛኛው የሚቆረጠው በነዚያ 20 ደቂቃዎች ነው። ገዢው ከፈተሻቸው ነገሮች አብዛኞቹ ደግሞ ለሽያጭ ሲባል በሚቀባ ቀለም አይስተካከሉም። የተወሰኑት ያኔ ነው፤ ፕላኑ ሲነደፍ፣ ኮንክሪቱ ሲፈስ።

«ራሴ አሠርቼ ልኑርበት፣ ቆይቼ ደግሞ በትርፍ እሸጠዋለሁ» የሚለው ሐሳብ የብዙ ሰው ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የግንባታ ዕቃ ዋጋ በብዙ አገር ተሰቀለ። በ2022 ደግሞ ማዕከላዊ ባንኮች ወለድ መጨመር ያዙ። ያለቀ ቤት መግዛት ለብዙ ቤተሰብ ሩቅ ሲሆን፣ ቀስ እያሉ በራስ ልክ ማሠራቱ የተሻለ መንገድ መሰለ። ሐሳቡን አልቃወምም። እንዲያውም በደንብ ከታሰበበት አንድ ቤተሰብ ከሚወስናቸው ጥሩ ውሳኔዎች አንዱ ይሆናል። ችግሩ ሁለቱ ዓላማዎች አንድ ጣሪያ ሥር ሲገቡ መጋጨታቸው ነው። ለመኖር የሚሠራ ሰው የራሱን ልብ ይከተላል። ለመሸጥ የሚሠራ ሰው ደግሞ ገና ያላየውን ገዢ ልብ ይከተላል።

እኔ የማውቀው ማስታረቂያ አንድ ነው። በኮንክሪትና በግንብ የሚሠራው ሁሉ ለማንም ቤተሰብ የሚመች ይሁን። የራስ ምርጫ በቀለም፣ በመጋረጃና በዕቃ ይገለጽ።

መሬቱ ይወደዳል፣ ቤቱ ያረጃል

«ቤቴ ዋጋ ጨመረ» ስንል ብዙውን ጊዜ የጨመረው መሬቱ ነው። ብሎኬቱ፣ ቧንቧው፣ የኤሌክትሪክ ገመዱና ጣሪያው ከተሠሩበት ቀን ጀምሮ እያረጁ ነው የሚሄዱት። መሬት ግን አይመረትም። አካባቢው መንገድ፣ ትምህርት ቤትና ሥራ ባገኘ ቁጥር ዋጋው ይወጣል። ይህ ነገር ጃፓን ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የአገሪቱ የግብር ደንብ ለእንጨት መኖሪያ ቤት የሚሰጠው የአገልግሎት ዘመን 22 ዓመት ነው፤ ለኮንክሪት መኖሪያ 47 ዓመት። ገበያውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የቆየ የእንጨት ቤት ያለበትን ቦታ የሚገዛ ሰው በአብዛኛው የሚከፍለው ለመሬቱ ነው። ሌላ ቦታ እርጅናው እንዲህ አይፈጥንም፤ አቅጣጫው ግን ያው ነው።

ስለዚህ ለሴራሚክ ምርጫ ሦስት ቅዳሜ የሚሰጥ ሰው ለመሬት ምርጫ ሦስት ወር ቢሰጥ አይበዛበትም። መሬት አንድ ጊዜ ታይቶ አይገዛም። ከከባድ ዝናብ ማግስት ሂዱና ውሃው የት እንደተኛ እዩ። በሥራ ቀን ጠዋት ሂዱና ከዚያ ወጥቶ ሥራ ለመድረስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ለኩ። ማታ ሂዱና ጸጥታውን፣ ጨለማውንና ድምፁን ስሙ። ባዶ የሆነው የጎረቤት ቦታ ላይ ነገ ምን ሊሠራበት እንደሚፈቀድ ጠይቁ። ዛሬ የምታዩት ጥሩ እይታ በሁለት ዓመት ውስጥ በፎቅ ሊዘጋ ይችላል።

አፈሩን ደግሞ ባለሙያ ያየው። መረሬ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ላዩ ላይ ያረፈ ቤትም አብሮት ከፍ ዝቅ ይላል። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ መሠረቱ እኩል እንዳልተቀመጠ የሚናገር ነው። መፍትሔ አለው። አፈሩ ተቆርጦ ወጥቶ በሌላ ይተካል፣ ወይም መሠረቱ እስከ ጠንካራው መሬት ይወርዳል። ግን ወጪ ነው። ያ ወጪ መሬቱ ሳይገዛ በፊት ካልታወቀ ከመሬቱ ዋጋ ላይ የሚቀንሰው ሰው የለም። ለአፈር ምርመራ የሚከፈለው ገንዘብ ከጠቅላላው ወጪ አንፃር ኢምንት ነው። እኔ በዚህ ጉዳይ ግትር ነኝ፤ ያለ አፈር ምርመራ መሠረት አይቆፈርም።

ሌላው ሠፈሩ ነው። የቤት ገማቾች የሚሄዱባቸው መንገዶች በዋናነት ሦስት ናቸው። አንደኛው በአካባቢው በቅርቡ የተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶችን ማነፃፀር ነው። ሁለተኛው ያንኑ ቤት ዛሬ ለመሥራት የሚፈጀውን ወጪ ማስላት ነው። ሦስተኛው ቤቱ ቢከራይ ከሚያስገባው ገቢ መነሳት ነው። ለመኖሪያ ቤት ብዙውን ጊዜ ሚዛን የሚደፋው የመጀመሪያው ነው። ይህ ማለት ባለ ሁለት መኝታ መለስተኛ ቤቶች መሃል የተሠራ ቪላ፣ ወጪው የቱንም ያህል ቢሆን፣ ጎረቤቶቹ ወደ ታች ይጎትቱታል። በተቃራኒው ደህና ደህና ቤቶች መሃል ያለ መጠነኛ ቤት በነሱ ጥላ ከፍ ይላል። ከመንገዱ ትልቁን ቤት ለመሥራት የሚነሳ ሰው ለመኖር ከሆነ ይሥራ። ለመሸጥም ካሰበ ግን ቆም ብሎ ያስብበት።

ሒሳቡን ሳናድበሰብስ

ቁጥሩን ለማቅለል መሬቱም ግንባታውም ተደምሮ 100 ወጣ እንበል። መሬቱ 40፣ ግንባታው 60። ከ6 ዓመት በኋላ ቤቱ በ150 ተሸጠ። «የወጪዬን ግማሽ አተረፍኩ» ያሰኛል። ግን እንቀጥል። የደላላው፣ የውሉና የስም ማዛወሪያው ወጪ 6 ቢወስድ እጅ ላይ የሚቀረው 144 ነው። በነዚያ 6 ዓመታት የሁሉም ነገር ዋጋ በ35 በመቶ ጨምሮ ከሆነ፣ ያኔ የወጣው 100 በዛሬ ገንዘብ 135 ነው። 144 ከ135 የሚበልጠው 7 በመቶ በማይሞላ ነው። ያውም በ6 ዓመት። የብድር ወለዱ፣ ጥገናው፣ ዓመታዊ ግብሩ ገና አልተቀነሰም።

ይህን የምለው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። የሒሳቡ ሌላኛው ወገንም አለ። ያ ቤተሰብ በነዚያ ዓመታት ኪራይ አልከፈለም። ተመሳሳይ ቤት በዓመት 4 የሚከራይ ቢሆን በ6 ዓመት 24 ድኗል። ከሽያጩ «ትርፍ» ይልቅ ትልቁ ጥቅም እዚህ ጋ ነው ያለው፤ በመኖሩ። ለዚህ ነው ሊኖርበት ያልወደደውን ቤት ለትርፍ ብሎ ብቻ የሚያሠራ ሰው የሚጎዳው። ጥቅሙ እዚያ ውስጥ በምቾት ባሳለፈው እያንዳንዱ ወር የሚመጣ ነውና።

ገበያው ብቻውን ያወጣኛል ብሎ መተማመንም አያዋጣም። አምስተርዳም ውስጥ ሄረንግራክት የሚባል የቦይ ዳር ሠፈር አለ፤ ከከተማዋ ውድ ቦታዎች አንዱ ነው። ፒት ኤይክሆልትስ የተባለ የሆላንድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1628 እስከ 1973 እዚያ የተካሄዱ የቤት ሽያጮችን አጥንቷል። የዋጋ ንረት ሲቀነስ በነዚያ 345 ዓመታት የቤቶቹ ዋጋ ያደገው በግምት እጥፍ ቢሆን ነው። በመሃል ዋጋ ለብዙ ዓመታት የወጣባቸውና ለብዙ ዓመታት የወደቀባቸው ዘመናት አሉ። በወጣበት ጊዜ የሸጠ አትርፏል፤ በወደቀበት ጊዜ ለመሸጥ የተገደደ ደግሞ ከስሯል። የቤቱ ጥራት ያው ሆኖ ማለት ነው።

ታዲያ ከማሠራት የሚገኘው እውነተኛ ትርፍ የቱ ጋ ነው? ግንባታው ባለቀበት ቀን ቤቱ ከወጣበት በላይ የሚያወጣ ከሆነ፣ እዚያ ጋ ነው። ያ ልዩነት የሚመጣው ከሦስት ነገር ነው። ለሽያጭ የሚሠራ ድርጅት የሚይዘው ትርፍ እናንተ ጋ ይቀራል። የዕቃ ግዢውን ራሳችሁ ትከታተላላችሁ። ሌላው ሰው የፈራውን የጊዜና የወጪ ሥጋት እናንተ ተሸክማችኋል። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሥጋቱን በአግባቡ ካልያዛችሁት ትርፉን የሚበላው እሱ ነው።

ቁጥር 23 በሩ ላይ

የቅርጫት ኳስ ኮከቡ ማይክል ጆርዳን ቺካጎ አቅራቢያ ያለውን ቤቱን እ.ኤ.አ. በ2012 በ29 ሚሊዮን ዶላር ለገበያ አቀረበው። ቤቱ ከ5,000 ካሬ ሜትር ይበልጣል። 9 መኝታ ክፍሎችና ሙሉ የቅርጫት ኳስ ሜዳ አለው። የግቢው በር ላይ የማሊያው ቁጥር 23 በትልቁ ተሠርቷል። ዓመታት አለፉ። ዋጋው እየወረደ 14.855 ሚሊዮን ደረሰ። እንዲያም ሆኖ ገዢ አልመጣም። በመጨረሻ የተሸጠው በ2024 ማብቂያ ላይ በ9.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። ከ12 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ መጀመሪያ ከተጠየቀው ከሲሶው በታች።

ቤቱ ግንባታው ደካማ ስለነበር አይደለም። ለአንድ ሰው ሕይወት የተሰፋ ልብስ ስለሆነ ነው። ሌላው ሰው ሲለብሰው ወይ ይሰፋዋል ወይ ይጠበዋል።

እያንዳንዳችን የራሳችን 23 አለን። አንዱ ሳሎኑ ሰፊ እንዲሆንለት ብሎ ከሦስት መኝታ አንዱን ያጥፋል። አንዱ ክብ ክፍል ይወዳል፤ አልጋና ቁም ሣጥን ደግሞ ክብ ግድግዳ ላይ አይጠጉም። ሌላው ልጆቹ ትንንሽ ስለሆኑ የነሱን ክፍል በሱ መኝታ ቤት በኩል እንዲገባ ያሠራል። ልጁ 15 ዓመት ሲሆነው ያ ክፍል ለማንም አይመችም። እንዲህ ያለውን ስህተት ለማረም ግንብ ማፍረስ ይጠይቃል። ገዢው ደግሞ የማፍረሻውን ዋጋ አስልቶ ሳይሆን ድካሙን አስቦ ነው የሚቀንሰው። ሁልጊዜም አብዝቶ ይቀንሳል።

ታዲያ በኮንክሪት ምን ይሠራ? ማንም ቤተሰብ፣ በየትኛውም ዕድሜ፣ የሚፈልገው።

እያንዳንዱ መኝታ ቤት ከኮሪደር ወይም ከሳሎን በራሱ በር ይገባ። ምድር ቤት ላይ ቢያንስ አንድ መኝታና አንድ መታጠቢያ ይኑር፤ እናትና አባት ያረጃሉ፣ ሰው እግሩ ይሰበራል። የበሮቹ ክፍተት ተሽከርካሪ ወንበር እንዲያሳልፍ ከ80 ሴንቲሜትር አይነስ። አንድ ትንሽ ክፍል ደግሞ ስም ሳይወጣለት ይቀመጥ። ሰዎች ከቤት ሆነው መሥራት ከለመዱ ወዲህ ያ ክፍል ዛሬ ቢሮ፣ ነገ የእንግዳ ማደሪያ፣ ከነገ ወዲያ የሕፃን ክፍል ይሆናል። ዕቃ ማስቀመጫም አትርሱ። ሥዕሉ ላይ ቦታ የበላ ይመስላል እንጂ፣ ቤት ለማየት የመጣች ሴት ከሳሎኑ ስፋት በላይ የምትጠይቀው እሱን ሊሆን ይችላል።

ኩሽናና መታጠቢያ ቤቶች ይቀራረቡ፤ ፎቅ ከሆነ አንዱ ባንዱ ላይ ይረፍ። ቧንቧው ያጥራል፣ ወጪው ይቀንሳል፣ ነገ ሲበላሽ ጥገናው አንድ ቦታ ይሆናል። ከመኝታ ቤት ኮርኒስ በላይ የሚያልፍ የፍሳሽ ቧንቧ ግን አይኑር። ሌሊት የሚሰማው ድምፅ ብቻውን ቤት ያስጠላል።

ፀሐይን ፕላን ላይ የማያይ ሰው በኋላ በኤሌክትሪክ ሒሳብ ይከፍለዋል። የምሥራቅና የምዕራብ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትገባ በጣሪያ ክፈፍ አትከለከልም። በተለይ የከሰዓቷ ፀሐይ ክፍሉን አግላ ታሳድረዋለች። ስለዚህ ትልልቆቹ መስኮቶች ወደ ሰሜንና ደቡብ ቢያዩ ይመረጣል። ለመታጠቢያ ቤት፣ ለደረጃና ለዕቃ ቤት የምዕራቡ ወገን አይጎዳም። ይህ ሁሉ ፕላን ላይ ያለ መስመርን ከማዞር ያለፈ ወጪ የለውም።

ደረጃውን ደግሞ እባካችሁ በልክ አሠሩት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፍራንሷ ብሎንዴል የተባለ ፈረንሳዊ አርክቴክት የሰውን እርምጃ መነሻ አድርጎ ያወጣው ቀመር ዛሬም ይሠራል። የእርከኑ ከፍታ በሁለት ተባዝቶ የመርገጫው ጥልቀት ሲደመርበት 63 ሴንቲሜትር አካባቢ ይምጣ ይላል። ከፍታው 17፣ መርገጫው 29 ቢሆን ልኩ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ሁሉም እርከን እኩል ይሁን። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የመጀመሪያውና የመጨረሻው ነው፤ የሴራሚኩና የሊሾው ውፍረት ቀድሞ ሳይታሰብ ይቀርና።

ገዢ የማያየው፣ ግን የሚከፍልበት

ሶሌታ (የፎቁ የኮንክሪት ወለል) በተሞላ ማግስት ጠዋት ሳይቱ ላይ ተገኙ። ጫጫታው አልፏል። ሚክሰሩ ቆሟል፣ ሠራተኛው ተበትኗል። ኮንክሪቱ ግራጫ ሆኖ ደረቅ መስሏል፤ አለቀ የሚያሰኝ ነው። ግን አላለቀም። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ስለደረቀ አይደለም። ከውሃ ጋር በሚያደርገው ኬሚካላዊ ውህደት ነው። ውሃው ቀድሞ በፀሐይ ከተነነ ውህደቱ ይቋረጣል። ለዚህ ነው ኮንክሪት ቢያንስ ለ7 ቀን ጠዋት ማታ ውሃ የሚጠጣው፤ እርጥብ ጆንያ ወይም ላስቲክ የሚለብሰውም ለዚሁ ነው። በ7 ቀን ከጥንካሬው ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ይይዛል። የሚለካበት የተለመደው ቀን 28ኛው ነው። በዚያ ሳምንት ውሃ የሚያጠጣ አንድ ሰው መቅጠር ከቤቱ ወጪ ሁሉ ትንሹ ነው። ካልተደረገ ግን ገንዘብ በኋላ አይመልሰውም።

ሲሞላም እንዲሁ ነው። ኮንክሪቱ አልፈስ ሲል «ትንሽ ውሃ ጨምርበት» የሚል ድምፅ ይሰማል። ያ ትንሽ ውሃ ለሠራተኛው ሥራ ያቀልለታል፤ ከኮንክሪቱ ጥንካሬ ግን ይቀንሳል። ፌሮውም መሬት ላይ ተኝቶ አይሞላበት። ከሥሩ ማረፊያ ተደርጎለት ኮንክሪቱ በሁሉም በኩል ካልሸፈነው ይዝጋል፤ ሲዝግ ያብጣል፤ ሲያብጥ ኮንክሪቱን ሰንጥቆ ይወጣል። ይህ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው። ምናልባት ልክ መሸጥ በታሰበበት ዓመት።

ከዚህ ቀጥሎ የቤት ትልቁ ጠላት ውሃ ነው። ዓለም የሚያደንቀው የአርክቴክቱ ሌ ኮርቡዚዬ ቪላ ሳቮይ፣ እ.ኤ.አ. በ1931 ፓሪስ አቅራቢያ የተጠናቀቀው ቤት፣ ዝናብ ሲዘንብ ያፈስ ነበር። ባለቤቶቹ በተደጋጋሚ አቤት ብለዋል። የተዋጣለት አርክቴክት ቤት እንኳ ከውሃ ካላመለጠ፣ የኛማ በጣም መጠንቀቅ አለበት። ጣሪያው በቂ ተዳፋት ይኑረው። ክፈፉ ከግድግዳው ወጣ ይበል። አሸንዳው ሰፋ ይበል፤ የሚያወርደው ውሃ መሠረቱ ሥር ሳይሆን ራቅ ብሎ ይፍሰስ። መታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት ውሃ መከላከያው ይቀባ፤ ከዚያ ወለሉ ውሃ ተሞልቶ አንድ ቀን ይደርና ከሥር ይታይ።

ቧንቧውም ግድግዳ ውስጥ ከመቀበሩ በፊት በግፊት ይፈተሽ። ልስን ከመለሰኑ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ደግሞ እያንዳንዱን ግድግዳ፣ ሜትር ዘርግታችሁበት፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ገመዱ የት እንደሄደ፣ ቧንቧው በስንት ሴንቲሜትር ላይ እንዳለ ይታወቃል። ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው። ከ5 ዓመት በኋላ ሥዕል ለመስቀል ሚስማር ስትመቱ፣ ወይም ገዢ «ቧንቧው የት ነው?» ሲል፣ መልሱ ኪሳችሁ ውስጥ ነው።

ባዶ የኤሌክትሪክ መተላለፊያ ቱቦዎችም ጨማምሩ። ለሶላር፣ ለመኪና ቻርጅ፣ ለኢንተርኔት፣ ለካሜራ። ዛሬ ባይፈለጉ ነገ ይፈለጋሉ። ያኔ ግድግዳ መሰርሰር አያስፈልግም።

ገንዘቡ የሚያፈስበት ቀዳዳ

ከግንባታ ወጪ የሚያልፍ በጀት ያልያዘ ሰው መሃል መንገድ ላይ ይቆማል። ከ10 እስከ 20 በመቶ መጠባበቂያ መያዝ የተለመደ ምክር ነው። እኔ ዋጋው ቶሎ ቶሎ በሚለዋወጥበት ጊዜ ከ20 አይነስ እላለሁ። ቆሞ የሚቀር ግንባታ ዝናብና ፀሐይ ይበላዋል። ኪራይና የብድር ወለድ ደግሞ ባንድ ላይ መክፈል ይመጣል።

ወጪን የሚያንረው የዕቃ ዋጋ ብቻ አይደለም። የሐሳብ መቀያየር ነው። «ይህቺን ግድግዳ ትንሽ እናስጠጋት»፣ «መስኮቱ ወደዚያ ይዙር»። ፕላን ላይ በላጲስ የሚጠፋ ነገር ግንብ ላይ በመዶሻ ነው የሚጠፋው። የፈረሰበት፣ የተሠራበት፣ ዳግም የሚሠራበት ተብሎ ሦስት ጊዜ ይከፈላል። አሥር ጊዜ ለካ አንድ ጊዜ ቁረጥ የሚባለው ለዚህ ነው። ፕላኑ ካለቀ በኋላ ባዶ ሜዳ ላይ ኖራ አፍስሳችሁ ክፍሎቹን በእውነተኛ ልካቸው ሥሏቸው። ውስጡ ተራመዱበት። አልጋ የሚሆነውን ቦታ ለኩ። በሩ ሲከፈት ምን እንደሚነካ እዩ። ወረቀት ላይ ሰፊ የመሰለ ክፍል እዚያ ጋ እውነተኛ መልኩን ያሳያል።

ከኮንትራክተሩ ጋር ያለውን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ክፍያ በሥራው ልክ ይሁን፤ መሠረት ሲያልቅ ይህን ያህል፣ ሶሌታ ሲሞላ ይህን ያህል። ቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ ባለቤትን አቅም ያሳጣዋል። ከእያንዳንዱ ክፍያ 5 ወይም 10 በመቶ ተይዞ ጉድለቱ ከታየ በኋላ ይለቀቅ። ለውጥ ሁሉ ከነዋጋው ተጽፎ ይፈረምበት። የሚቆጣጠረው መሃንዲስ ደግሞ ከኮንትራክተሩ ጋር የጥቅም ግንኙነት የሌለው ይሁን።

የት ይቆጠብ ታዲያ? በሚለወጥ ነገር። የኩሽና ሣጥኑ ፊት፣ መብራቱ፣ የበር እጀታው፣ ቀለሙ፣ የሳሎኑ ወለል ሁሉም በኋላ ይሻሻላሉ። በመሠረት፣ በጣሪያ፣ በቧንቧና በመስኮት ላይ ግን አትቆጥቡ። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ነው የሚያደርገው። ሶሌታ ላይ ፌሮ ቀንሶ ሳሎን ላይ እብነ በረድ ያነጥፋል።

አንድ ነገር ግን መጀመሪያው ቀን ይደረግ፤ ዛፍ ይተከል። ቤቱ ውስጥ ካለው ሁሉ በዕድሜው የሚያምረው እሱ ብቻ ነው። ከመሠረቱና ከፍሳሽ መስመሩ ራቅ ተደርጎ በምዕራብ በኩል የተተከለ ዛፍ በ6 ዓመት ጥላ ይሆናል። ገዢ ሲመጣ ደግሞ ግቢውን የሚያስወድደው እሱ ነው። 6 ዓመት የሞላው ዛፍ በሽያጭ ሰሞን ተሯሩጦ አይገኝም።

ሲሸጥ

ግብሩን ከመጀመሪያው እወቁት። ቤት ውስጥ መኖር በብዙ አገር ከሽያጭ ትርፍ ግብር ላይ ጥቅም ያስገኛል፤ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ባለው ሕግ ሰው ከሽያጩ በፊት ባሉት 5 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ 2 ዓመት በባለቤትነት ይዞ ከኖረበት፣ ያላገባ 250,000 ዶላር፣ ባልና ሚስት 500,000 ዶላር ድረስ ያለው ትርፍ ከግብር ነፃ ሊሆንላቸው ይችላል። በብሪታንያም ለዋና መኖሪያ ቤት ነፃ የሚያደርግ ድንጋጌ አለ። ነገር ግን ቤቱ የተያዘው ሙሉ በሙሉም ሆነ በከፊል ትርፍ ለማግኘት ታስቦ ከሆነ ድንጋጌው አይሠራም። ስለዚህ እናንተ ባላችሁበት አገር ስንት ዓመት መኖር እንደሚያስፈልግና ምን ማስረጃ እንደሚጠየቅ መሠረት ከመውጣቱ በፊት የግብር ባለሙያ ጠይቁ። በ23ኛው ወር ሸጦ 24ኛውን ባለመጠበቁ የሚጎዳ ሰው አለ።

መቸኮልም ጥሩ አይደለም። የመሸጫና የመዛወሪያ ወጪ በየሽያጩ የሚከፈል ነው። ሁለት ዓመት ብቻ ኖሮ የሚሸጥ ሰው ያንን ወጪ በሁለት ዓመት ይሸከመዋል፤ ስምንት ዓመት የኖረ ደግሞ በስምንት ዓመት ያካፍለዋል። ቤቱን ለገበያ ስታወጡ ሌላ ማረፊያ ቀድሞ ይኑራችሁ። ገዢ የባለቤትን ጥድፊያ ከፊቱ ያነበዋል።

ከሁሉ በላይ የምመክረው አንድ ማህደር ነው። ካርቶን ቢሆን፣ ፋይል ቢሆን ግድ የለም። የባለቤትነት ሰነዱ፣ የግንባታ ፈቃዱ፣ የአፈር ምርመራው ውጤት፣ ፕላኑ፣ በሥራ ላይ የተለወጠው ሁሉ የተመለከተበት የመጨረሻው ሥዕል፣ የኮንክሪት ጥንካሬ ፈተናው፣ የቧንቧው የግፊት ፈተና፣ የዕቃ ደረሰኞቹ፣ ከልስን በፊት የተነሱት ፎቶዎች፣ ጣሪያው መቼ እንደተጠገነ የተጻፈበት ማስታወሻ። እንዲህ ያለ ማህደር ያለው ቤት ብዙ አይገኝም።

ገዢው ኮርኒሱን አይቶ፣ ቧንቧውን ከፍቶ፣ በሩን ዘግቶ ከጨረሰ በኋላ ሳሎን ሲቀመጥ ማህደሩን ጠረጴዛው ላይ አኑሩለት። ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት የተነሳውን ፎቶ ያወጣል። ቀና ብሎ ግድግዳውን ያያል፣ ተመልሶ ፎቶውን ያያል። ሊከራከርበት ካሰበው ዋጋ ላይ ጥቂቱን በልቡ የሚተወው ያኔ ነው።